ያጣጣልኩት ጀርመንኛ

ልብስ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ብብቱን ነው። ሻጩ ደረቱን ያሳየኛል፣ ቁልፉን ይቆጥርልኛል፤ እኔ ገልብጬ ብብቱን አያለሁ። ጨርቅ እንደ ሰው ነው፣ ድካሙ የሚታየው ከሚደብቀው ቦታ ነው። ካየሁ በኋላ ግን ልብሱ ጥሩም ይሁን መጥፎ አፌ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ማጣጣል። «ይሄማ አልቆለታል»፣ «ይሄን ለማን ልሸጠው ነው?»፣ «ቀለሙ እኮ ሄዷል ወዳጄ»። ሻጩም «ዓይንህን ታጠብ!» ይለኛል። ልብሱን ጥዬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። ቀስ ማለት ነው ዋናው፤ የሚፈጥን ሰው የምሩን ነው የሚሄደው። አራት አምስት እርምጃ ሳልራመድ «ና እንጂ አንተ ደግሞ! ምን ተባለና ነው?» ብሎ ይጠራኛል። እንስማማለን።

ደሴ ሰልባጅ ተራ ውስጥ ያደግኩት በዚህ ነው። ትምህርት ቤቱን ከአምስተኛ ክፍል ትቼዋለሁ፤ ይሄኛውን ግን ጨርሻለሁ። በማጣጣሌ የተቀየመኝ ሰው የለም፣ ምክንያቱም የሚያምነኝ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ አመነኝ።

ታናሽ እህቴ ኒካሕ የታሰረላት ሚሊኒየሙን ባከበርን ሰሞን ነው። ባልየው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ጀርመን ከገባ ቆይቷል። እሱ እዚያ ሆኖ፣ ወኪሉ እዚህ ተቀምጦ ኒካሑ ታሰረ። ድግሱ ተበላ፣ ዱዓው ተደረገ፣ ሙሽራ ሆናም በእናቴ ቤት ቀረች። ቀጥሎ ወሬ መጣ፤ ሚስት ባሏ ዘንድ እንድትገባ አዲስ አበባ ሄዳ የጀርመንኛ ፈተና፣ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ማለፍ አለባት። ካላለፈች ቪዛ የለም። ቪዛ ከሌለ ደግሞ ባሏ በስልክ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው።

«ባሏን የምታናግረው በአማርኛ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ። «መንግሥት ምን አገባው?»

«መንግሥት የማይገባበት ነገር አለ እንዴ እማዬ?» አልኳት። ቀበሌው በየሳምንቱ ስብሰባ የሚጠራን ዘመን ነበር።

ደሴ ውስጥ ጀርመንኛ የሚያስተምር ፈልጌ አጣሁ። በመጨረሻ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ኮምቦልቻ ውስጥ የጡረታ ሰው እንዳሉ ነገረኝ። በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ተልከው የጨርቅ ማሽን ጥገና ተምረዋል፤ ከተመለሱ በኋላ ዕድሜያቸውን ማሽን ሲጠግኑ ኖረዋል። እህቴን ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ቤታቸው ከቦርከና ወንዝ ብዙ የማይርቅ፣ ግቢው የዘይቱን ዛፍ ያለበት ነው። በረንዳ ላይ ሬዲዮ ፈታተው ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። የመጣንበትን ስነግራቸው የብሎን መፍቻቸውን አስቀመጡና እህቴን በጀርመንኛ አንድ ነገር አሏት። እሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ዘይቱኑ ዞርኩ።

«ደህና መጣሽ ነው ያልኳት» አሉ በአማርኛ።

«ክፍያው እንዴት ነው ጋሼ?»

«ክፍያ አልፈልግም። ስንት ዓመት በዚህ ቋንቋ የሚያናግረኝ ሰው አጥቼ ከማሽን ጋር ሳወራ ኖሬያለሁ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ትምጣ። አታርፍድ ብቻ።»

እኔ በነፃ የሚሰጥ ነገር ያስፈራኛል። አንድ ቦንዳ ሰልባጅ ስትገዛ ተመርቆ የሚጨመርልህ ሹራብ ወይ ብል በልቶታል፣ ወይ አንድ እጅጌ የለውም። ጉድለቱ የት እንደሆነ ሳላይ መተኛት አልችልም። እናቴም «የሰው ሚስት ናት፣ ብቻዋን አትወርድም» ስላለች ሱቁን ለጎረቤቴ እየተውኩ አብሬ እወርድ ነበር። እንደ ዘበኛ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ዘበኛም ጆሮ አለው።

ባልየው በመንገደኛ አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ ላከላት። ባለ ቀለም፣ ሰው ሁሉ የሚስቅበት። ግማሹ ቃል እንግሊዝኛ ነው። ኮምፒውተር፣ ቲኬት፣ ኢሜይል፣ ቲሸርት። እኔ እንኳ አወቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም እንዴ? ጀርመንኛው የታል?»

«እንግዳ ቃል አገራቸው ሲመጣ በር ላይ ያቆሙታል» አሉ። «ወንድ ነህ? ሴት ነሽ? ወይስ ሁለቱንም አይደለህም? ሳይመልስ አይገባም። ኮምፒውተር ወንድ ነው፤ ደር ኮምፒውተር። ኢሜይል ሴት ናት፤ ዲ ኢሜይል። ቲኬት ሁለቱንም አይደለም፤ ዳስ ቲኬት። ከገባ በኋላ ደግሞ እንደ ሥራው ልብስ ይቀይሩለታል። አድራጊ ሲሆን አንድ፣ ባለቤት ሲሆን አንድ፣ ሲሰጠው አንድ፣ ሲደረግበት አንድ። ደር ኮምፒውተር፣ ደስ ኮምፒውተርስ፣ ዴም ኮምፒውተር፣ ዴን ኮምፒውተር።» በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ነው የሚሉት፣ እንደ መንዙማ።

«እኛማ እንደዚህ አናስቸግርም» አልኩ። «ባጃጅ ከህንድ መጣ፤ ሲበዛ ባጃጆች አልነው፣ ሲገዛ ባጃጁን አልነው፣ ሾፌሩ ከወደዳት ደግሞ ባጃጇ አላት። አለቀ።»

ሳቁ። «አንተስ ምን አደረግክ? አለበስከው እኮ!»

«እሱማ ልክ ነው። ከቦንዳ የወጣ ኮት የደሴ ሰው ትከሻ ላይ ከዋለ የደሴ ኮት ነው።»

እስክሪብቶ አወጡና ይህችን ንግግሬን ደብተራቸው ጠርዝ ላይ ጻፏት። በሕይወቴ የተናገርኩት ነገር ሲጻፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የፖሊስን ካልቆጠርነው።

እህቴ ገበያ ውስጥ ሳይቀር ትለማመድ ጀመር። አጠገቤ የሕፃናት ልብስ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ምላሷ መቀስ ነው። አንድ ቀን እህቴ «ዳስ ቤቢ» ስትል ሰማቻት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሕፃን ማለት ነው። ከእንግሊዝኛ ነው የወሰዱት። ወንድም ሴትም አይሉትም።»

«ምንም ነው የሚሉት? ያ ረቢ! ልጁን እንደ ባልዲ? ወላሂ ይቺን ልጅ አትስደዷት፣ ወልዳ ስትመጣ ‹ይሄ ነገር የኔ ነው› ትለናለች!»

መጽሐፉ ውስጥ ጋሼን የፈተናቸው ቃልም ነበር፤ ሄንዲ ይላል። አዩት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ደግመው አዩት። «ይሄ በእኔ ጊዜ አልነበረም» አሉ፤ ሳያፍሩ ነው ያሉት። በሚቀጥለው ሐሙስ ስንደርስ በአራቱም ልብስ አልብሰው፣ ብዙውን ቁጥር ጨምረው፣ በቀይ ጽፈውት አገኘን። ከሥዕሉና ከዓረፍተ ነገሩ ተነሥተው ሞባይል መሆኑን ደርሰውበታል። «የሚገርመው» አሉ፣ «ቃሉ እንግሊዝኛ ይመስላል እንጂ እንግሊዞች ስልክን እንዲህ አይሉትም። ጀርመኖች ራሳቸው ሰፍተው ከእንግሊዝ መጣ አሉት።»

«እኛም እኮ እዚሁ ደሴ ሰፍተን ‹ጣሊያን› የሚል ምልክት እንለጥፋለን» አልኩ። ያን ቀን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወደ ቤት ስንመለስ እህቴ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ለሾፌሩ ሁሉ በጀርመንኛ ስትቆጥር ነበር። አፏ ተከፍቶ ነበር። ይህን የምለው በኋላ የሆነውን ስለማውቅ ነው።

የምግብ ቤቱ ትምህርት ላይ ሲደርሱ አንድ ቃል ከራሳቸው ጨመሩላት። መጽሐፉ ውስጥ የለም። የተጠበሰ ዶሮ ብሮይለር ይባላል አሏት። «ይሄም ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። እኔ ስደርስ አፋቸው ላይ አዲስ ነበር። ከአውሮፕላን ወርጄ የበላሁት የመጀመሪያ ምግብ ነው፤ ደር ብሮይለር።» ይህን ሲሉ ፊታቸው የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ሆነ።

በማግሥቱ እህቴ ሱቅ ውስጥ ሆና ለባሏ ደወለችና የተማረችውን አሳየችው። ብሮይለር ስትል ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ደረሰ።

«ማነው ይሄን ያስተማረሽ? ይሄ እኮ የምሥራቆቹ ነው! አገሩ ከፈረሰ ስንት ጊዜው! እዚህ እንዲህ ብትዪ የሞተ ሰው ተነሣ ነው የሚሉሽ።»

በክፋት አይደለም፤ የሚወዳትን ሚስቱን ማሳቁ ነው። እሷ ግን ቀላች። እኔም ነገሩን እንደ ጥሩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አገኘሁት አልኩ፤ የነፃው ዕቃ ጉድለት።

ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ትምህርቱ በሳምንት አምስት ቀን እንዲሆን፣ እሳቸውም ወደ ደሴ እንዲወጡ ፈለግኩ። ሱቄን ለጎረቤት መተው ሰልችቶኛል፤ እውነቱ ይሄ ነው። ለእህቴ ብዬ ነው እያልኩ ነበር፤ ግማሹ ለእህቴ ነው።

«አልችልም ልጄ» አሉ ጋሼ። «ጉልበቴ የደሴን ብርድ አይችለውም። ሦስቱ ቀን ይበቃታል፣ ጎበዝ ናት።»

ሻጭ «አልችልም» ሲል ገዢ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አፌ ሳልጠራው ሥራውን ጀመረ።

«ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ብዙ አያካብዱት። የእርስዎ ጀርመንኛ ልባሽ ነው። አገሩ ራሱ ፈርሷል። ባሏ ሰምቶ ምን እንዳለ ልንገርዎት? ብሮይለር ስትለው የሞተ ሰው ተነሣ አለ። ይሄን ይዛ ብትሄድ ማን ይገዛታል?»

እህቴ «ወንድምዬ!» አለች።

እኔ መልስ እየጠበቅኩ ነበር። «ዓይንህን ታጠብ!» እንዲሉኝ። «ሂድና የተሻለ ፈልግ!» እንዲሉኝ። እኔም አራት ቀን እላለሁ፣ እሳቸው ደሴ አልወጣም ይላሉ፣ አራት ቀን ኮምቦልቻ ላይ እንስማማለን። ዋጋው በልቤ ተቆርጦ ነበር።

ጋሼ ወደ እህቴ ዞሩ። «እውነት እንዲህ አለ?»

እህቴ መሬት መሬቱን አየች። ውሸት አታውቅም፤ ገበያ አላደገችም። «ስቆ ነው እንጂ…» አለች።

መነጽራቸውን አወለቁ። ባለ ቀለሙን መጽሐፍ ዘጉ፣ ጠርዙን በእጃቸው አስተካከሉ፣ ለእሷ ሰጧት። «ወንድምሽ ትክክል ነው» አሉ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር። እንቅፋት አልሆንብሽም።»

ተነሣሁ። ጀርባዬን ሰጠሁ። ከበረንዳው እስከ በሩ ቀስ ብዬ ሄድኩ፣ እጅግ ቀስ ብዬ፣ ዘይቱኑ ሥር ቆሜ ጫማዬን እስከማሰር ድረስ። ማንም አልጠራኝም። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል ጋሼ የሬዲዮውን ብሎን ሊያስሩ አጎንብሰዋል። እህቴ ከኋላዬ እያለቀሰች ነው።

«ሂድና ይቅርታ ጠይቃቸው፣ አፉ በሉኝ በላቸው» አለችኝ ሚኒባስ ውስጥ።

«ይጠሩናል፣ አብሽሪ። ሻጭ እንዲህ ነው። እስከ ቅዳሜ ጠብቂ።»

ቅዳሜ መጣ፤ ሄደ። ሌላም ቅዳሜ። በየቀኑ «ዛሬ ብሄድ ተሸነፍኩ» እላለሁ። ማን እንደሚያሸንፈኝ አላውቅም፤ ሰውየው ጨዋታ ውስጥ መሆናቸውን እንኳ አያውቁም ነበር። እህቴ ለብቻዋ መጽሐፉንና የመጽሐፉን ካሴት ይዛ ጓዳ ተቀመጠች። ለፈተናው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድርሻት ስመለስ እንኳ ሚኒባሱ ኮምቦልቻ ላይ ሲቆም ልውረድ አልኩ፤ አልወረድኩም።

ወደቀች። መናኸሪያ ልቀበላት ሄጄ ሻንጣዋን ስቀበላት የነገረችኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ጽሑፉን ሠራሁት። የንግግሩ ላይ ሴትየዋ ሱቅ ውስጥ ምን ትገዣለሽ አለችኝ። ቃሉ መጣልኝ። ከዚያ ይሄም ያረጀ ይሆን? አልኩ። ሌላ መጣልኝ፤ ይሄስ? ትስቅብኝ ይሆን? አልኩ። ዝም አልኩ ወንድምዬ። ጊዜው እስኪያልቅ ዝም አልኩ።»

ሻንጣው ቀላል ነበር፤ ግን ከበደኝ። የጋሼን ጀርመንኛ ያጣጣልኩ መስሎኝ የእሷን አፍ ነው የዘጋሁት።

ሁለተኛ መፈተን ይቻላል። ባልየውም «ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» አለ። እህቴ ሳትነግረኝ ብቻዋን ኮምቦልቻ ወረደች። ጋሼ ውሃ ሰጥተዋታል፣ ስለ እናቷ ጠይቀዋታል፣ በጀርመንኛ ግን አንድ ቃል አላወጡም። «እኔ የማውቀው የሌለ አገር ቋንቋ ነው» አሏት። መጻሕፍታቸውንና ደብተራቸውን እንኳ ያውሷት እንደሆነ ስትጠይቃቸው ለማዕዘኑ ሱቅ መጠቅለያ እንዲሆኑ እንደሰጧቸው ነገሯት።

ይህን ስሰማ ነው የተነሣሁት። በማግሥቱ ወርጄ ሱቁን አገኘሁት። ባለሱቁ በርበሬና ስኳር እየጠቀለለ ግማሹን ጨርሷል። የቀረው ከመደርደሪያው ሥር በገመድ ታስሮ ተቀምጧል፤ ከላይ ያለው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሄንዲ በአራቱ ልብሱ ተሰልፏል። ባለሱቁ ዋጋ ጠራ። ለወረቀት የማይጠራ ዋጋ ነው፤ ፊቴን አይቶ ነው የጠራው። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። የጠራውን ሰጠሁት። ሰውየው ራሱ ደንግጦ ጥቅሉን በፌስታል አደረገልኝ።

ጋሼ በረንዳው ላይ ነበሩ። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ልባሽ ነጋዴ አይደለህ፣ ልባሽ ገዛህ» አሉ። ለመቀለድ ነው፤ ድምፃቸው ግን አልቀለደም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ያልኩት የገበያ ወሬ ነው። ለመስማማት ብዬ ነው። ዕቃው ጥሩ ስለሆነ ነው ያጣጣልኩት። መጥፎ ዕቃማ ማን ያጣጥላል? ዝም ብሎ ያልፈዋል እንጂ።»

የጥቅሉን ገመድ ፈቱ። «አሁን ገባኝ» አሉ በኋላ። «ግን እኔ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ማሽን ተበላሽቻለሁ ካለህ ተበላሽቷል ማለት ነው። ለመስማማት ብሎ አይልህም።»

«አፉ በሉኝ ጋሼ።»

«አፉ ብያለሁ» አሉ፤ መንገድ ላይ እግሩን እንደረገጥክበት ሰው፣ በፍጥነት። ከዚያ የላይኛውን ገጽ አንሥተው የተጨማደደውን በመዳፋቸው አቀኑት። አንድ ስሕተት አዩ መሰለኝ፣ ጣታቸው ቆመ። እስክሪብቶ ፍለጋ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደና ኪሱ ባዶ ሆኖ አገኘው። ገጹን መልሰው ጥቅሉ ላይ አስቀመጡት። «ለልጅቷ ስጣት» አሉ። «እኔ አፌ ዝጓል።»

ይቅርታውን ሰጡኝ፤ ትምህርቱን አልሰጡኝም።

ጥቅሉን ለእህቴ ሰጠኋት። ሳጥን ውስጥ ከተተችው። አዲስ አበባ ልልክሽ፣ እዚያ ትምህርት ቤት አለ አልኳት፤ «አፌ አይከፈትም፣ አታስቸግረኝ» አለች። ባልየው አንድ ዓመት ጠበቀ፣ ከዚያም በላይ ጠበቀ። አንድ ቀን አባቱ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ቤታችን መጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ የመጡበት ገባን። ኒካሑ እሱ በሌለበት ታስሮ እሱ በሌለበት ተፈታ። እህቴ ሽማግሌዎቹን እስከ በር ሸኘቻቸው። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

አሁን ሱቁን አብረን ነው የምንሠራው። ጎበዝ ሻጭ ትሆናለች ብዬ ነበር፤ አልሆነችም። ገዢ ጃኬት አንሥቶ «ይሄማ ያረጀ ነው» ሲላት ትቀበለውና፣ ጠርዙን አስተካክላ፣ አጥፋ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። «ልክ ነህ» ትለዋለች። የሕፃናት ልብስ ሻጯ ጎረቤቴ ከሱቋ ሆና «አንቺ ልጅ፣ ሱቅ ነው የከፈታችሁት ወይስ መስጊድ?» ትላታለች። ገዢውም ግራ ይገባውና ጀርባውን ሰጥቶ ቀስ እያለ ወደ በሩ ይሄዳል፤ እንደሚጠራ ሰው። እህቴ አትጠራውም። እጇን አጣጥፋ ትቆማለች።

እኔ ነኝ የምጠራው። አንድ እርምጃ ሳይራመድ «ና ተመለስ፣ ባልከው ውሰደው!» እላለሁ። ገበያው ውስጥ እርጅና ለስላሳ አደረገው እያሉ ያሙኛል፤ አንዳንዱም አውቆ ሁለት እርምጃ ይሄድብኛል። ያውሩ። ሰው ቀስ ብሎ ወደ በር ሲሄድ ማየት አልችልም።